እማ ያልፈራችበት ሳምንት

አይጧ ወደ ድመቷ ሄደች።

ፌንጣ የእህሉን ጣሳ እንደያዘች ባለችበት ደርቃ ቀረች። ነጯ አይጥ ከሽቦ ጎጆዋ ወጥታ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ናት፤ ድመቷ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተጋድማለች። አይጧ አልሮጠችም፣ ጥግም አልፈለገችም። መንገድ ላይ ዘመድ እንዳገኘ ሰው ቀጥ ብላ ሄዳ የድመቷን ጢም አሸተተች፤ ከዚያ የፊት እግሯን አንስታ አፍንጫዋ ላይ አሳረፈችው።

የሸሸችው ድመቷ ናት። ፀጉሯ ቆመ፣ ጀርባዋ ጎበጠ፣ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ብላ ከጠረጴዛው ወረደችና አልጋ ሥር ገባች።

«አየሽ?» አሉ ቀማሚው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። «ድመት የምታውቀው የሚፈራትን ነው። የማይፈራትን ምን እንደምታደርገው አታውቅም።»

ፌንጣ አይጧ ታማ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። አልታመመችም አሏት፤ እንዲያውም በክፍሉ ውስጥ እንደሷ ጤነኛ የለም፤ እሳቸው የቀነሱባት አንድ ነገር ብቻ ነው።

ቀማሚው ድሮ ሆስፒታል ውስጥ መድኃኒት ይቀምሙ ነበር ይባላል። አሁን የሕንፃው የመጨረሻ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። የፌንጣ እናት ከእሳቸው በታች ባለው ፎቅ የሰው ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች ነው የምታድረው፤ የቀማሚውን ነጭ ጋዋኖችም የምትተኩሰው እሷ ናት። ፌንጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተተኮሰውን ታደርሳለች፣ እግረ መንገዷንም ለአይጦቹ እህል ትሰጣለች። የክፍሉ መስኮት በጥቁር ወረቀት ተለጥፏል። ቤቱ ኮምጣጤና እርጥብ ፀጉር ይሸታል። የሰውየው እጅ ጠባሳ በጠባሳ ነው። አንድ ቀን የጋለ ብርጭቆ በባዶ እጃቸው ሲያነሱ አይታለች። ቆዳቸው «ጭስስ» ሲል ሰምታለች። እሳቸው ግን ብርጭቆውን በዝግታ ቦታው አስቀምጠው፣ ጣታቸውን የሌላ ሰው ጣት ይመስል አገላብጠው አዩት።

«ለመሆኑ ፌንጣ የሚሉሽ ለምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት፣ አይጧን ወደ ጎጆዋ እየመለሱ።

ነገረቻቸው። መምህር ስሟን በጠራ ቁጥር ከመቀመጫዋ ዘላ ስለምትነሳ ነው። ስሙን ያወጣችላት አብራት የምትቀመጠው ራዲዮ ናት፤ ራዲዮም ራሷ አፏ ስለማይዘጋ ነው እንዲህ የተባለችው። አሁን ደግሞ የቃል ፈተና ደርሷል። መምህራን ተደርድረው በተቀመጡበት ብቻን ቆሞ መናገር ነው። ባለፈው ዓመት እዚያ ቆማ አንዲት ቃል ሳይወጣት ቀርታለች። ዘንድሮም ከደገመች ክፍል ትደግማለች።

ቀማሚው አልሳቁባትም፣ አይዞሽም አላሏትም። ከመደርደሪያው አንዲት ጣት የምታክል ጠርሙስ አውርደው እጇ ላይ አስቀመጡላት። ጠዋት ጠዋት አንድ ጠብታ ሻይ ውስጥ፤ ጣዕም የለውም አሏት። ለእናቷ ትንገር አትንገር ምንም አላሉም።

ጠርሙሷን ኪሷ ውስጥ ጨብጣ ደረጃውን ወረደች። ፍርሃት የሚያጠፋውን ነገር ለመቅመስ ግን ፈራች። ለራዲዮ ብትነግራት ኖሮ በሳቅ ትሞትባት ነበር።

ቤታቸው አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። በክፍሉ መሐል የመተኮሻው ጠረጴዛ ቆሟል። ካውያው ሥራ ሲያልቅ ከሁሉም ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ እናቷ «የሚያቃጥል ነገር ቦታው ሰማይ ነው» ትላለች። በረንዳው የብረት አጥር አለው፤ ከብረቶቹ አንዱ ተነቅሎ ወድቋል። አከራዩ ዛሬ ነገ እያሉ ሳይጠግኑት ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ነው።

ስለዚህ ድምቡሼ ትታሰራለች። ድምቡሼ የፌንጣ ትንሽ እህት ናት፤ ገና መሮጥ መልመዷ ነው፣ መቆምን ግን አልለመደችም። እናታቸው ከአሮጌ አንሶላ ጫፍ ረጅም ቅዳጅ ቀዳ አንዱን ጫፍ ወገቧ ላይ፣ ሌላውን የጠረጴዛው እግር ላይ ትቋጥረዋለች። ቅዳጁ የተለካ ነው፤ ልጅቷ የበረንዳው ደፍ ላይ ደርሳ ፀሐይ ትሞቃለች፣ እጇ ግን አጥሩን አይነካም። ጎረቤቶች ይስቃሉ። «ፍየል አደረግሻት እኮ» ይሏታል። እናቷም እየተኮሰች፣ ቀና ሳትል «ፈሪ ለእናቱ ገባላት» ትላቸዋለች።

እውነቱን ግን ሁሉም ያውቃል። ከፌንጣና ከድምቡሼ መሐል አንድ ወንድ ልጅ ነበረ። በውኃ በርሜል ነው የሄደው፤ እናቱ ጀርባዋን ያዞረችው ልብስ ለማስጣት ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ በርሜል የሚባል ቤታቸው አልገባም፤ ውኃ በጄሪካን ይቀመጣል፣ ክዳኑም ይጠብቃል። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው፣ እናቷ ያላየችውንም ሁሉ ትፈራለች። አባታቸው የረጅም መንገድ ሾፌር ነው፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር እናቷ ቀልቧ ይገፈፋል። ድምቡሼ ካሳለች አትተኛም። ሻይ ስትጠጣ ብርጭቆው ከማስቀመጫው ሳህን ጋር እየተጋጨ ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል ይላል። ፌንጣ ይህን ድምፅ የማትሰማበት ቀን ትዝ አይላትም።

ክፍል ውስጥ ለቃል ፈተናው ልምምድ ተይዞ ነበር። ፌንጣ ተራዋ ደርሶ፣ ዘላም ቢሆን ተነስታ፣ ፊት ወጥታ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናግራለች። ሦስተኛው ምላሷ ጫፍ ላይ እያለ በሩ ተንኳኳ።

እናቷ ናት። ድምቡሼን አዝላ፣ የሰው አንሶላ እንደታቀፈች፣ ሹራብ በእጇ ይዛ፣ እያለከለከች። በሰፈሩ አምቡላንስ ሲያልፍ ሰምታለች፤ አቅጣጫው ወደ ትምህርት ቤት መሰላት። ደመናም ነበር። ልጇን ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ዳሰሰቻት፤ ከዚያ መምህሩን ይቅርታ ጠይቃ፣ ሁሉም እያየ፣ ሹራቡን በፌንጣ አንገት አጠለቀችላት።

ከኋላ ወንበር የጀመረው ሳቅ እየተንከባለለ ፊት ደረሰ። ራዲዮ እንኳ አፏን በደብተር ሸፍናለች። በእረፍት ሰዓት «ሼም ነው አትበይ፤ አሪፍ እናት ናት፣ ትንሽ ብቻ ድምፅ ቀንሱላት» አለቻት። የፌንጣ ፊት እስከ ማታ ጋለ።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ ጀርባዋን ሰጥታ ካውያው መጋሉን በውኃ ጠብታ ስትሞክር ፌንጣ ጠርሙሷን ከፈተች። ጠብታው ለራሷ ብርጭቆ አልነበረም፤ ለእናቷ ነው። አንድ ጠብታ ነው። ሻዩ ላይ ወደቀች፣ ጠፋች።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ስትመለስ እናቷ እያንጎራጎረች ትተኩስ ነበር። ብርጭቆውን አንስታ ጠጣች፤ መልሳ አስቀመጠች። ምንም ድምፅ የለም።

የሚቀጥሉት ቀናት እንደ በዓል ነበሩ። እናቷ የት ነበርሽ አላለቻትም። ራዲዮ ቤት ሄዳ እስኪመሽ ብትቆይም የጠራት የለም። ከደጅ ቆሞ ስሟን የሚጣራ ድምፅ ጠፋ። እናቷ ራቷን በልታ፣ ጎኗን አሳርፋ፣ እስኪነጋ ተኛች፤ ፊቷ ላይ የነበረው መስመር ሁሉ እንደ ተተኮሰ ልብስ ተዘረጋ። ፌንጣ በየጠዋቱ ጠብታዋን ስታወርድ እጇ መንቀጥቀጡን ተወ። ለራሷ የምትነግረው ነገር አላጣችም፦ እማ አርፋለች፤ ማነው እረፍት የሚጠላ?

አንድ ማታ ስልኩ ጮኸ። አባቷ ነው፤ በዚህ ሰዓት የሚደውል እሱ ብቻ ነው። እናቷ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጣ ጥፍሯን ትመለከታለች። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ፌንጣ ለምን እንዳላነሳችው ስትጠይቃት፣ ከሞተም ነገ ይነግሩናል አለች። በክፋት አልነበረም። ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር።

ፌንጣ ራሷ መልሳ ደወለች፤ አባቷ ደህና ነበር፣ እናትሽ የት ሄዳ ነው ብሎ ጠየቃት። ተኝታለች አለችው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ሌላውንም ማየት ጀመረች። ካውያው ከመደርደሪያው ወርዶ ወለሉ ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። የጄሪካኑ ክዳን የለም። ድምቡሼ ስታስል እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች፤ ፌንጣ ናት ተነስታ ጀርባዋን የምታሻት። አንድ ጠዋት ደግሞ እናቷ ሸሚዝ እያጠፈች፣ ያለ ምንም መነሻ፣ «ያ ልጅ ቢኖር አሁን ስንተኛ ክፍል ይሆን ነበር?» አለች። ለዓመታት ስሙ ሲነሳ ከክፍል የምትወጣ ሴት ናት። ፈገግ ብላ የሸሚዙን ኮሌታ በአውራ ጣቷ ዳመጠችው።

በሚቀጥለው ቀን ፌንጣ ጠርሙሷን ሳትከፍት ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች። ፈተናው ነገ ነው። ቀኑን ሙሉ መምህሩ ያለውን አልሰማችም። ራዲዮ ምን ሆነሻል እያለች በክርኗ ጎሰመቻት፤ በስተመጨረሻ እሷም ፈርታ ዝም አለች። ራዲዮ ዝም ስትል ደግሞ ነገር እንዳለ ማንም ያውቃል።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤታቸው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

መጀመሪያ ያየችው የጠረጴዛውን እግር ነው። ባዶ ነው። ቅዳጁ የለም። ከዚያ ዓይኗ ወደ በረንዳው ሄደ።

ድምቡሼ ብረቱ በተነቀለበት ክፍተት ውስጥ ተቀምጣለች። ሁለት እግሯ ውጭ ተንጠልጥሏል። አንድ እጇ ጎኗ ያለውን ብረት ይዟል፤ በሌላው ከታች ለሚያልፈው ሰው ታውለበልባለች። ተረከዟ ባዶውን አየር ይመታል።

እናቷ ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቃ ትተኩሳለች። ዓይኗ ልጅቷ ላይ ነው። ታያታለች። ፈገግ ብላ ታያታለች።

«ማየት ፈልጋ ነው» አለች፣ ፌንጣን ስታይ። «ተያት።»

ጩኸት ከፌንጣ ሆድ ተነስቶ ጉሮሮዋ ጋ ደረሰ። እዚያው ያስቆመው የእናቷ የድሮ ድምፅ ነው፤ ስንት ጊዜ ነግራታለች፣ ስንት ጊዜ አሰልቺ ሆናባታለች፦ ልጅ ጫፍ ላይ ሲሆን አይጮህበትም፤ ይዞራል፤ ሲዞር ይወድቃል። መሬት ዝቅ ብለሽ፣ በጨዋታ ነው የምትጠሪው።

ቦርሳዋን ቀስ አድርጋ አወረደች። በእንብርክኳ ሆነች። ሰውነቷ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ዓይኗ ግን ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ ያያል፦ እርጥብ የሆነውን የበረንዳ ወለል፣ የዛገውን ብረት፣ የድምቡሼን ቀሚስ ጀርባ ላይ ያለውን ቋጠሮ።

«ማነው ድምቡሼን የሚበላት?» አለች በቀጭን ድምፅ። ይሄ የእናቷ ጨዋታ ነው።

ድምቡሼ ሳትዞር ሳቀች። ትከሻዋ ተነቃነቀ። ፌንጣ በእጇ እየዳኸች ቀረበች።

«እኔ ነኝ የምበላት። ከጀርባዋ ነው የምጀምረው።»

ልጅቷ በሳቅ ፈንድታ ብረቱን ለቀቀች። በዚያው ቅጽበት ፌንጣ ቋጠሮውን በአንድ እጇ፣ ክንዷን በሌላው አንቃ ወደ ኋላ ወደቀች። ሁለቱም በረንዳው ላይ ተዘረሩ። ከታች አንዲት የድምቡሼ ጫማ መንገዱን ስትመታ ተሰማ። ለመውደቅ የወሰደባት ጊዜ ረጅም ነበር።

እናቷ ካውያውን አቆመች። ጎንበስ ብላ የልጇን ፊት አየች፣ እንደ እንግዳ ነገር።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጪው?» አለቻት።

ፌንጣ ድምቡሼን ታቅፋ ተነሳች፤ ወደ ላይኛው ፎቅ ያለውን ደረጃ እንዴት እንደወጣችው አታውቅም።

የቀማሚው በር አይቆለፍም። እሳቸው አልተነሱም። ጠረጴዛው ላይ ያለው ጎጆ ውስጥ ያቺው ነጭ አይጥ ወልዳለች። ልጆቿ እንደ ባቄላ ፍሬ ናቸው፣ ፀጉር የላቸውም፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ የውኃው ሳህን ውስጥ፣ ተበታትነው ወድቀዋል። የሚነቃነቅ የለም። እናታቸው መሐላቸው ተቀምጣ ፊቷን ታጥባለች፤ በሁለት እጇ፣ በደንብ፣ ከጆሮዋ ጀርባ ሳይቀር።

«አልሰበሰበቻቸውም» አሉ ቀማሚው። «አይጥ ልጆቿን የምትሰበስበው ብርድ ያገኛቸዋል ብላ ፈርታ ይሆን እያልኩ አስብ ነበር። ይመስላል።»

ፌንጣ የድምቡሼን ዓይን በእጇ ሸፈነች። ለእናቴ ፍርሃቷን የሚመልስላት ነገር ይስጡኝ ብላ ለመነቻቸው። ሰውየው ጥያቄዋን እንደ ክፍል ውስጥ ጥያቄ አሰቡበት። የሚመልስ ነገር አያስፈልግም አሏት። ጠብታው በየቀኑ ካልተጨመረ ፍርሃት ራሱ ተመልሶ ይመጣል፤ እንደ ጥፍር ነው፣ ብትቆርጪውም ያድጋል። እሳቸውን ለዓመታት ያደከማቸው ይሄ ነው። አሁን ግን የማያድገውን አግኝተዋል። አንድ ጊዜ በመርፌ፤ ከዚያ በቃ።

«እናትሽ ዛሬ ጠዋት ጋዋን ልታደርስ መጥታ ነበር» አሉ። «ፊቷን ሳይ ገባኝ። ልጅሽ ጨምራልሽ ይሆናል አልኳት፤ ሳቀች። ልቤ አረፈልኝ አለች። ነገ ከሰዓት በኋላ መርፌውን ልትወጋ ትመጣለች።»

ፌንጣ ድምቡሼን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ጋሼ፣ ልጅ አላት እኮ። እባክዎ።»

«አውቃለሁ» አሉ፣ በደግነት። የተጠባበሰ እጃቸውን ዘርግተው የድምቡሼን ጉንጭ ሊነኩ ሲሉ ፌንጣ ወደ ኋላ ዘለለች። ጀርባዋ በሩን መታው። ሮጣ ወረደች።

ቤት ስትገባ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። በሩን ዘጋች፣ የበረንዳውንም ዘጋች። ካውያውን ከወለሉ አንስታ መደርደሪያው ላይ ሰቀለችው። እናቷ ሻይዋን ቀድታ ተቀምጣ ይህን ሁሉ ትመለከታለች። ፌንጣ ጠርሙሷን ከኪሷ አውጥታ መተኮሻው ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለቱ መሐል፣ አቆመቻት።

«እማ፣ እኔ ነኝ። ሻይሽ ውስጥ እየጨመርኩ ነበር።»

«ነገሩኝ» አለች እናቷ። «አላስከፋሽኝም።»

ይህ ከቁጣ የባሰ ነበር። ፌንጣ ዱላ ቢሆን በወደደች። የቀረውን ሁሉ፣ ሳትመርጥ፣ እየተንተባተበች አወራችላት፦ ስለ ሹራቡ፣ ስለ ሳቁ፣ ስለ አይጧ ልጆች፣ ስለ ድምቡሼ ጫማ። እናቷ ራዲዮ እንደሚያዳምጥ ሰው አዳመጠቻት። ቅዳጁ የት እንዳለ ስትጠይቃት የካውያውን ሆድ ጠርጌበት ጣልኩት አለች።

ፌንጣ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች።

«ድምቡሼ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ምን ትሆኚ ነበር?»

እናቷ ልትመልስ አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ግንባሯ ቀስ ብሎ ተኮሳተረ፤ ኪሱ ውስጥ የነበረ ነገር እንደጠፋበት ሰው ፈለገች፣ ፈለገች።

«እንጃ» አለች በመጨረሻ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ማወቅ ነበረብኝ፣ አይደል?»

«ነበረብሽ።»

«ልጄ፣ ከባድ ነው።» ድምፅዋ አሁንም የረጋ ነው፤ ግን ቃላቱ በችግር ይወጣሉ። «ያ ልጅ ከሄደ ጀምሮ አልተኛሁም። ሌሊት እስትንፋሳችሁን እየቆጠርኩ ነው የማነጋው። አባታችሁ መንገድ ላይ፣ አንቺ መንገድ ላይ፣ ይቺ በረንዳው ላይ። ያን ሁሉ መልሼ ልሸከመው? ብቻዬን?»

ፌንጣ ጠርሙሷን አየች። አንድ ጊዜ ብትወረውራት በረንዳው ቅርብ ነው። ግን ያኔም ሳትጠይቅ ነው የጨመረችው፤ አሁንም ሳትጠይቅ ብትደፋው ያው ነው። እጇን ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችበት።

«ብቻሽን አይደለም» አለች። «ግማሹን እኔ እፈራልሻለሁ። አባም ሲደውል ሁሉንም እነግረዋለሁ፤ የሰውየውንም፣ የኔንም። ግን ላይ አትውጪ፣ እማ። ነገ አትውጪ።»

እናቷ ጠርሙሷን አነሳች። ክዳኗን በጣቷ ዳሰሰች። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የድምቡሼ ትንፋሽ ብቻ ነበር፤ ማልቀስ ሳይመጣባት ደክሟት ወለሉ ላይ ተኝታለች። እናቷ ወደ እሷ አየች። አንድ እግሯ ጫማ የለውም። እዚያች እግር ላይ ዓይኗን ብዙ ጊዜ አቆየች።

ከዚያ ተነስታ፣ ተንጠራርታ፣ ጠርሙሷን ከካውያው አጠገብ፣ ከፍተኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻት።

ፌንጣ ሳጥን ከፍታ አሮጌ አንሶላ አወጣች፣ ጫፉን በጥርሷ ይዛ ረጅም ቅዳጅ ቀደደች። አንዱን ጫፍ በተኛችው እህቷ ወገብ ዙሪያ፣ ሳትቀሰቅሳት፣ አሰረች። ሌላውን ጫፍ ይዛ ወደ ጠረጴዛው እግር ጎንበስ ካለች በኋላ ሐሳቧን ቀየረች። የራሷ ወገብ ላይ ቋጠረችው። ነገ የሚፈተኑበትን መጽሐፍ ገለጠችና ግድግዳውን ተደግፋ ማንበብ ጀመረች። ፊደላቱ ዓይኗ ላይ ይዘላሉ። ነገም መምህራኑ ፊት እንዲሁ እየዘለሉ እንደሚጠብቋት ታውቃለች።

አባቷ ሲደውል ስልኩን ለማንሳት ሁለቱም እኩል እጃቸውን ሰደዱ።

ፌንጣ ሁሉንም ነግራው ስትጨርስ፣ ውጭ ሙሉ በሙሉ ጨልሞ ነበር። እናቷ የቀዘቀዘውን ሻይ አነሳች። ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር አንድ ጊዜ ቅጭል አለ። ቆመ። እንደገና ቅጭል አለ። ፌንጣ መጽሐፉን ሳትዘጋ፣ ቅዳጁ ድምቡሼን እንዳይጎትታት ተጠንቅቃ፣ በቂጧ እየተንፏቀቀች እናቷ ጉልበት አጠገብ ደረሰች። የእናቷ እጅ ራሷ ላይ አረፈ። እጁ ይንቀጠቀጣል።

«ነገ ጠዋት ብርድ ሳይኖር አይቀርም» አለች እናቷ፣ ከሩቅ በሚመስል ድምፅ። «ሹራቡን ትለብሻለሽ?»

«እለብሳለሁ» አለች ፌንጣ።